በኦድሪ ሎርድ ከተሞች

ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣብን ሊንከን መታሰቢያ ወስዶ ፎቶ ማንሣት የእኛ የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሾች ያልተጻፈ ግዴታ ነው። እንግዳው ደረጃውን ወጥቶ ከእምነበረዱ ሊንከን እግር ሥር ይነሣል፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 የተናገረበትን ቦታ ያያል፣ ከዚያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመልሰን ክትፎ እንበላለን። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኔ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እዚያ ደረጃ ላይ ስቆም የምትታወሰኝ ሌላ ሰው ናት፦ በ1947 ከወላጆቿና ከእኅቶቿ ጋር ከኒውዮርክ መጥታ እዚያው የቆመች፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች የ13 ዓመት ጥቁር ልጅ። ኦድሪ ሎርድ ትባላለች። አድጋ ከአሜሪካ ታላላቅ ገጣሚዎች አንዷ ሆነች፤ በየመድረኩም ጥቁር፣ ሌዝቢያን፣ እናት፣ ታጋይና ገጣሚ ነኝ እያለች አንዱንም ሳታስቀር ራሷን የምታስተዋውቅ ሰው ነበረች።

የዋሽንግተኑን ጉዞ ራሷ በ1982 ባሳተመችው «ዛሚ» በተባለው መጽሐፏ ተርካዋለች። ታላቅ እኅቷ ፊሊስ ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ የክፍል ጓደኞቿ ዋሽንግተንን ሊጎበኙ ተነሡ። የካቶሊክ ትምህርት ቤቱ መነኮሳት ግን የፊሊስን ቀብድ መለሱላት፤ ተማሪዎቹ የሚያርፉበት ሆቴል ጥቁር አያስገባም ነበር። አባትየው ይህን ሲሰማ ቤተሰቡን በሙሉ ራሱ ሊወስድ ወሰነ። እናት ስንቅ ቋጠረች፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦ። ለልጆቿ የነገረቻቸው የባቡሩ ምግብ ዋጋው የማይቀመስ መሆኑን ብቻ ነው። ወደ ደቡብ በሚሄድ ባቡር ጥቁር ሰው ምግብ ቤቱ ፉርጎ ውስጥ ገብቶ እንደማይበላ አልነገረቻቸውም። የኦድሪ ወላጆች ሊለውጡት ያልቻሉትን ነገር እንደሌለ ቆጥረው ማለፍ የለመዱ ሰዎች ነበሩ።

ዋሽንግተን ከገቡ በኋላ በአንዱ ቀን፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ አባት አይስክሬም ልጋብዛችሁ ብሎ ወደ አንድ ቤት አስገባቸው። አምስቱም ባንኮኒው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አስተናጋጇ መጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ገዝተው ይዘው መውጣት እንደሚችሉ፣ እዚያ ተቀምጠው መብላት ግን እንደማይፈቀድላቸው ነገረቻቸው። ቤተሰቡ አንድ በአንድ ከወንበሩ ወርዶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ለምን እንደሆነ ኦድሪ ብትጠይቅ የሚመልስላት ጠፋ። እናትም አባትም እኅቶቿም የሆነውን እንዳልሆነ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልጅቱ በንዴት ጦፋ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ልጽፍ ነው አለች። አባቷ ረቂቁን ካሳየችው በቢሮው ታይፕ እንድትመታው ቃል ገባላት።

በዚያው ጉዞ ሊንከን መታሰቢያ ሲደርሱ አባት ለልጆቹ የማሪያን አንደርሰንን ታሪክ ነገራቸው። ያቺ ታላቅ ዘፋኝ ጥቁር በመሆኗ አዳራሽ ተከልክላ በ1939 የፋሲካ ዕለት እዚያ ደረጃ ላይ ቆማ ለሕዝብ ዘፍናለች። እንግዲህ አባትየው የሌላውን ሰው በደል አፍ ሞልቶ ሊናገር ይችል ነበር። የራሱን በደል ማውራት ነው ያቃተው። ይህ ለእኛ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ስደተኛ አባት በልጆቹ ፊት ተዋርዶ ቤቱ ሲገባ የሚያወራው ስለ አድዋ ነው።

ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፎ፣ ነሐሴ 1983፣ የኪንግ ሰልፍ 20ኛ ዓመት በዚያው ቦታ ሲከበር ኦድሪ ሎርድ መድረኩ ላይ ወጣች። መውጣቷ በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። ከሰልፉ አስተባባሪዎች አንዳንዶቹ ግብረ ሰዶማውያንን ወክሎ የሚናገር ሰው አንፈልግም ብለው ተከራክረው ነበር። ክርክሩ የተፈታው ተቃውሞና ሽምግልና ከበዛበት በኋላ ነው። የኪንግ ባለቤት ኮሬታ ስኮት ኪንግም ለእነዚህ ሰዎች መብት ቆማለች። ለኦድሪ የተሰጣት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ነጮች አይስክሬም በከለከሏት ከተማ፣ በዚህኛው ጊዜ ደጃፍ ላይ ያቆሟት የገዛ ወገኖቿ ነበሩ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የኖረችባቸውን ከተሞች እግር በእግር ማየት ፈለግሁ።

ሃርለም

ከዋሽንግተን ተነሥቶ ኒውዮርክ ለሚሄድ ሰው አውቶቡስ ይበቃል። ሃርለም ስደርስ በመጀመሪያ የሄድኩት 135ኛው መንገድ ላይ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ዛሬ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ማኅደር የሆነው ሾምበርግ ማዕከል ያለበት ነው። ኦድሪ የተወለደችው በየካቲት 1934 ሲሆን እናቷ ከግሬናዳ፣ ካሪያኩ ከተባለችው ትንሽ ደሴት፣ አባቷ ደግሞ ከባርቤዶስ የመጡ ናቸው። ዓይኗ ከቅርብ ካልሆነ አያይም፤ በሕግ ማየት የተሳናት ከሚባሉት ትቆጠር ነበር። እስከ አራት ዓመቷ ድረስ በቅጡ አልተናገረችም። አንድ ቀን በዚህ ቤተ መጻሕፍት ወለሉ ላይ ተዘርግታ ስታለቅስ፣ ኦገስታ ቤከር የተባለች ጥቁር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጥታ ተረት ልታነብላት ፈቃደኛ ሆነች። ሴትየዋ አንብባ ስትጨርስ ልጅቷ ማንበብ እፈልጋለሁ አለች። እናቷ በመገረም እዚያው ፊደል ታስቆጥራት ጀመር። ኦድሪ ያቺን ሴት ዕድሜ ልኳን አልረሳቻትም፤ ራሷም አድጋ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ1961 የቤተ መጻሕፍት ሙያ ማስተርስ ይዛ ለዓመታት በዚያ ሥራ ኖራለች።

ከዚያ ጥቂት መንገዶች አልፎ 138ኛው ላይ «አቢሲኒያን ባፕቲስት» ቤተ ክርስቲያን አለ። ታሪኩን የማያውቅ ሐበሻ በስሙ ይደነግጣል። በ1808 ከታች ማንሃታን የተጀመረው፣ በዘር በተከፋፈለ ወንበር ተቀምጠን አናስቀድስም ያሉ ጥቁሮች ከኢትዮጵያ ከመጡ ነጋዴዎች ጋር ሆነው እንደሆነ ምእመናኑ ይተርካሉ። ኦድሪ ገና አፏን ሳትፈታ ሙሶሊኒ አገራችንን ሲወር ይህ ሰፈር በሰልፍ ተጥለቀለቀ፤ ገንዘብ አዋጣ፤ ልዝመት የሚል ወጣት ተሰለፈ። ዶክተር መላኩ በያን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በ1937 የመሠረቱትም በዚሁ ከተማ ነው። ከደሴት የመጡት የኦድሪ ወላጆች ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ ኢትዮጵያን ሳያይ ስለ ኢትዮጵያ ጎዳና በሚወጣ ሕዝብ መካከል ነበር።

ልጅቷ ግጥም በቃሏ ትይዝ ነበር። ሰው ምን እንደተሰማት ሲጠይቃት አንዱን ግጥም ትወጣለታለች፤ መልሷ እዚያ ውስጥ ነው። ስሜቷን የሚመልስላት ግጥም ያጣች ዕለት ራሷ መጻፍ ጀመረች። በሀንተር ኮሌጅ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ያልተቀበላትን የፍቅር ግጥም በመላው አገር የሚነበብ የወጣት ሴቶች መጽሔት አወጣላት። ከዚያ በ1954 ሜክሲኮ ሄዳ ተማረች፤ በ1959 ከሀንተር ኮሌጅ ተመረቀች፤ በ1962 ኤድዊን ሮሊንስ የተባለ ጠበቃ አግብታ ኤልዛቤትና ጆናታን የተባሉ ሁለት ልጆች ወለደች፤ በ1970 ተፋቱ። ትልቁ መታጠፊያዋ 1968 ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ የግጥም መድበሏ ታተመ፤ ሚሲሲፒ ውስጥ በሚገኘው ቱጋሉ በተባለው የጥቁሮች ኮሌጅም ለጥቂት ሳምንታት ግጥም አስተማረች። ከቤተ መጻሕፍት ወደ መምህርነት የተሻገረችው ያኔ ነው። የሥነ ልቦና መምህርት የሆነችውን ፍራንሲስ ክሌይተንንም እዚያው አገኘቻት። ሁለቱ ብዙ ዓመት አብረው ኖረው የኦድሪን ልጆች አሳደጉ።

ከ1970 ጀምሮ ያስተማረችው ማንሃታን ባለው ጆን ጄይ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ቤት በመሆኑ ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ የኒውዮርክ ፖሊሶች ነበሩ፤ ሽጉጣቸውን ታጥቀው ክፍል ይገባሉ። እሷ ጥቁር ሴት፣ የጥቁር ወንድ ልጅ እናት፣ ፊታቸው ቆማ ስለ ዘረኝነት ታስተምራለች። በ1973 ክሊፈርድ ግሎቨር የተባለ የአሥር ዓመት ጥቁር ልጅ ከእንጀራ አባቱ ጋር በኩዊንስ ሰፈር ሲሄድ አንድ ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። በዓመቱ ፖሊሱ ነጻ ወጣ። የፈረዱት 12 ሰዎች፣ አሥራ አንዱ ነጭ ወንዶች፣ አንዷ ጥቁር ሴት ነበሩ። ኦድሪ ዜናውን በሬዲዮ የሰማችው መኪና እየነዳች ነው። ንዴቱ ሰውን ልትገጭ እስክትችል ድረስ ስላስፈራት ዳር ይዛ አቆመች፤ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታም ጻፈች። «ኃይል» የተባለው ግጥሟ የተወለደው እዚያ መኪና ውስጥ ነው። በግጥሙ ፖሊሱንም ዳኞቹንም ትወቅሳለች፤ ከሁሉም በላይ ግን ራሷን ትመረምራለች፦ ይህን ንዴት የምትጠቀምበትን መንገድ ካላወቀች እሷንም ወደ ጥፋት እንደሚነዳት ታያለች። ግጥም የቆንጆ ቃላት መደርደሪያ ሳይሆን ሰው በሕይወት ለመቆየት የሚይዘው ነገር ነው የሚለው እምነቷ ከዚህ የመጣ ነው።

ከዚያው ኮሌጅ ሌላ ወሬ አለ። ዲትሮይት የሚኖር፣ የጥቁር ገጣሚዎችን ሥራ በማሳተም የተከበረ ደድሊ ራንዳል የተባለ አሳታሚ በ1973 መጽሐፏን ሲያዘጋጅ ለሴት የተጻፈውን አንዱን የፍቅር ግጥም ጥያቄ አነሣበት፤ ግጥሙ ከመጽሐፉ ቀረ። መጽሐፉ ከአገሪቱ ታላላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች ለአንዱ ታጨ። የቀረው ግጥም በኋላ አንድ የሴቶች መጽሔት ላይ ሲወጣ ኦድሪ ገጹን ገንጥላ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ፖሊሱም መምህሩም አለቃውም እያለፈ ያነበዋል። ከዚያ ወዲህ ማንም በሐሜት ሊያስፈራራት አልቻለም፤ የሚታማው ነገር በራሷ እጅ ተለጥፏል።

በዚያ ሽልማት የሆነውም ሊነገር ይገባል። ከታጩት መካከል ኦድሪ፣ አሊስ ዎከርና ነጯ ገጣሚ ኤድሪያን ሪች ነበሩ። ሦስቱ ማንኛችንም ብናሸንፍ ለብቻችን አንወስደውም ብለው አስቀድመው ተስማሙ። በ1974 ሪች ስታሸንፍ መድረክ ላይ ወጥታ በሦስቱ ስም የተጻፈውን ቃል አነበበች፤ ሽልማቱንም በድምፅ አልባ ሴቶች ሁሉ ስም ተቀበለች።

ስታተን አይላንድ

ወደ ስታተን አይላንድ የሚወስደው ብርቱካንማ ጀልባ በነጻ ነው፤ የነጻነት ሐውልትን በጎን እያሳየ 25 ደቂቃ ያህል ይጓዛል። ከወደቡ ትንሽ ሄጄ ሴንት ፖል የተባለውን ዳገታማ መንገድ ወጣሁ። ቁጥር 207 ከእንጨት የተሠራ፣ በረንዳ ያለው ያረጀ ትልቅ ቤት ነው። ኦድሪና ፍራንሲስ ከሁለቱ ልጆች ጋር ከ1972 እስከ 1987 የኖሩት እዚህ ነው። የኒውዮርክ ከተማ በ2019 ቤቱን በቅርስነት መዝግቦታል። ሰው የሚኖርበት በመሆኑ ከውጭ አይቶ ማለፍ ነው። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ዛፍ ይበዛበታል።

ታዋቂ መጽሐፎቿን የጻፈችው እዚህ ቤት ሆና ነው፤ የታመመችውም እዚህ ሳለች ነው። በ1978 የጡት ካንሰር ተገኘባትና ቀኝ ጡቷ ተቆረጠ። ገና ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አንዲት በጎ ፈቃደኛ መጥታ በጡት ቦታ የሚደረግ የተጠቀጠቀ ነገር አመጣችላት። ሴትየዋ ደግና ተስፈኛ ነበረች፤ ያመጣችው ነገር ቀለሙ ሮዝ ነው። ኦድሪ ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች፤ ከቡናማ ገላዋ ጋር አልተዋወቀም። አውልቃ ጣለችው። ከቀናት በኋላ የስፌቱ ክር ሊወጣላት ሐኪሟ ጋ ስትሄድ ፀጉሯን ታጥባ፣ የጆሮ ጌጧን አድርጋ፣ አምራ ሄደች። ነርሷ ግን እንደዚህ ሆነሽ ስትመጪ የክሊኒካችንን ሰው ሞራል ትነኪያለሽ፤ አርቴፊሻሉን አድርጊ አለቻት። ኦድሪ ይህን ስትተርክ የእስራኤሉን ጄኔራል ሞሼ ዳያንን ታነሣለች። አንድ ዓይኑ የጠፋበት ያ ሰው በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖት በዓለም ፊት ሲቆም ማንም የመስታወት ዓይን ግዛ አላለውም፤ የጦር ሜዳ ቁስሉ ስለሆነ አከበረው እንጂ። የእኔስ ቁስል ምን አንሶት ይደበቃል ነው ጥያቄዋ።

በ1980 የወጣው «የካንሰር ማስታወሻዎች» ከዚህ የተጻፈ ነው። ያኔ በአሜሪካ እንኳ ስለ ጡት ካንሰር በግልጽ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነበር። በእኛ አገር ዛሬም ሴቶች ጡታቸው ላይ እብጠት ሲያገኙ ለባላቸውም ለእናታቸውም ሳይናገሩ ጊዜ ያልፍባቸዋል። ኦድሪ ያለችው ባጭሩ ዝምታ ማንንም አላተረፈም ነው። ፈርታ ዝም ያለችባቸው ነገሮች ሁሉ ከበሽታው አላዳኗትም፤ እንግዲህ ምን ቀርቶ ነው የምትፈራው?

በዚህ ዘመን ከሁለት ወገን ትገፋ ነበር። ነጮቹ የሴቶች መብት ታጋዮች ጥቁርነቷን በአንድ ንግግር ጠቅሰው ማለፍ ይፈልጉ ነበር። በ1979 ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጉባኤ ላይ ጥቁር ሴቶችን በመጨረሻ ሰዓት መጥራታቸውን ፊት ለፊት ነገረቻቸው፤ ያ ንግግሯ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። ጥቁሮቹ ታጋዮች ደግሞ ሌዝቢያን መሆኗን ለትግሉ ብላ እንድትውጠው ይጠብቁ ነበር። እሷ ለሁለቱም እንቢ አለች። መጽሐፋችንን የሚያሳትምልን ከጠፋ ራሳችን እናትመዋለን ብላ ከባርባራ ስሚዝና ከሌሎች ጋር በ1980 «የወጥ ቤት ጠረጴዛ» የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቋመች። በ1991 የኒውዮርክ ግዛት ባለቅኔ ተብላ ስትሾም ያንን ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም የመጀመሪያዋ ጥቁርም ነበረች።

በርሊን

በርሊን ያሳረፉኝ ሴት በደርግ ዘመን የመጡ፣ ሆስፒታል በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በሥጋ ዘመድ ባይሆኑም ዘመድ የሆኑን ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ጠዋት ቡና ካጠጡኝ በኋላ በምድር ባቡር ወደ ዳለም ሄድኩ። ነጻ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ያለው እዚያ ነው። ኦድሪ በ1984 የጸደይ ወራት ዳግማር ሹልትስ በተባለች ጀርመናዊት ምሁር ግብዣ መጥታ በጆን ኤፍ. ኬኔዲ ተቋም ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሴት ገጣሚዎች አስተምራለች። ተቋሙ ያለበት መንገድ ላንስ ይባላል። ጎረቤቶቹ መንገዶች ደግሞ ኢልቲስና ታኩ ናቸው። ኢልቲስ በ1900 ቻይናን ለመውጋት የዘመተ የጀርመን የጦር ጀልባ ነው፤ ላንስ አዛዡ፤ ታኩ የተመታው የቻይና ምሽግ። ተማሪው በየቀኑ ይመላለስባቸዋል።

ኦድሪ እዚህ ክፍል ስትገባ ጥቁር ጀርመናውያን ሴቶች አየች። ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ሲያድጉ ከራሳቸው ሌላ ጥቁር ያላዩ አሉባቸው። አባታቸው ጋናዊ ወይም ናይጄሪያዊ፣ ወይም ከጦርነቱ በኋላ የመጣ የአሜሪካ ወታደር ነው። እነሱ የሚያውቁት ጀርመንን ብቻ ነው። ጀርመን ደግሞ አታውቃቸውም። ኦድሪ እያንዳንዷን እየጠራች ታነጋግራቸው፣ እርስ በርስ ታስተዋውቃቸው፣ ታሪካችሁን ጻፉ እያለች ትጨቀጭቃቸው ነበር። አፍሮ-ጀርመን የሚለው መጠሪያ በእነሱ መካከል የተወለደው ያኔ ነው። በ1986 ካታሪና ኦጉንቶየ፣ ሜይ ኦፒትስና ዳግማር ሹልትስ ያዘጋጁት «ፋርበ በከነን» የተሰኘ መጽሐፍ ወጣ። ጥቁሮች በጀርመን ለዘመናት የኖሩ መሆናቸውን፣ ናዚዎች በ1937 የራይንላንድን ጥቁር ልጆች እንዳይወልዱ ማምከናቸውን፣ ዛሬም ቆዳቸው የጠቆረ ልጆች ምን እንደሚገጥማቸው በራሳቸው አንደበት የተናገሩበት ነው። ጥቁር ጀርመናውያን የራሳቸውን ማኅበራት ያቋቋሙትም በእነዚያው ዓመታት ነው።

ዳለም የመጣችው ለማስተማር ብቻ አልነበረም። ካንሰሩ ጉበቷ ጋ መድረሱ የታወቀው በዚያው 1984 ነው። ከዚያ እስከ 1992 ድረስ በየዓመቱ በርሊን እየተመላለሰች ሕክምናዋን ተከታትላለች። ሐኪም ቤት ስትውል ታርማለች፤ ስትሻላት ታነባለች፤ ማታ ደግሞ ሴቶቹ ተሰብስበው ይበላሉ፣ ይደንሳሉ። ዳግማር ሹልትስ በዚያ ጊዜ የቀረጸችውንና ያሰባሰበችውን ይዛ በ2012 የበርሊን ዓመታቷን የሚያሳይ ፊልም ሠርታለች። ፊልሙ ላይ ኦድሪ እያመማትም ስትስቅ ትታያለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ክሮይስበርግ ተሻገርኩ። ኦበርባውም ድልድይ አጠገብ፣ ስፕሬ ወንዝ ዳር ያለው መንገድ ድሮ በግሮበን ስም ይጠራ ነበር፤ ይህ ሰው በ1683 በዛሬዋ ጋና ባሕር ዳር ባሪያ የሚፈነገልበትን የብራንደንቡርግ ምሽግ የመሠረተ ነው። በ2010 መንገዱ በሜይ አዪም ስም ተተካ። ሜይ ኦፒትስ ኋላ አባቷን ተከትላ አዪም የተባለችው ናት፤ አባቷ ጋናዊ ነው። ግጥሟ በጀርመን የታወቀ ሆኖ በ1996 በ36 ዓመቷ ሞተች። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ማንቶይፈል የተባለው ረጅም መንገድ ሰሜናዊ ጫፉ ከ2024 ጀምሮ የኦድሪ ሎርድ ስም ይዟል። ሰሌዳው እንደማንኛውም የበርሊን ሰሌዳ ነው። ከሥሩ ብስክሌት ታስሮ ነበር፤ አንዲት እናት የሕፃን ጋሪ እየገፋች አለፈች።

ማታ ለእትዬ ያየሁትን ነገርኳቸው። ሜይ አዪም ጋ ስደርስ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄን ሕፃን ሳለች አውቶቡስ ውስጥ ጀርመንኛዋ እንዴት ያምራል ይሉኝ ነበር» አሉ። «እዚሁ ተወልዳ! አባቷ እነሱው ሆኖ! ዛሬ ሐኪም ሆናም ከየት ነሽ ይሏታል። ከበርሊን ስትል፣ እሱማ ገባን፣ በእውነት ከየት ነሽ?»

«ያንን መጽሐፍ ታውቂዋለሽ ብዬ ልጠይቃት ነበር።»

«እሷ ጋ አለ። ተማሪ ሳለች ሌሊቱን ሙሉ ስታነበው አይቻታለሁ። መብራት አጥፊና ተኚ ብላት አልሰማችኝም።»

ትንሽ ቆይተው ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ሴትየዋስ ጥሩ ሠርታለች፤ ውለታዋም አለብን። ያንን ነገሯን ግን ባትጽፈው ምን ይልሃል? ሐበሻ ያነበዋል እኮ፣ አንተ።»

«እትዬ፣ እሱን ካወጣሁት እሷ አትቀርም።»

«አንተ ታውቃለህ» አሉና ሁለተኛውን ቡና ቀዱልኝ።

እትዬን አልቀየምኳቸውም። በአገራችን ሕግ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ወንጀል ነው፤ በስደትም ቢሆን በአብዛኛው ቤታችን ነገሩ አይነሣም። እሳቸው የጠየቁኝ በደግነት ነው፤ የሚወዷትን ሴት ከሰው ምላስ ሊሰውሯት። ግን ይህ ልመና ለኦድሪ ዕድሜ ልኳን የቀረበላት ነው። የዲትሮይቱ አሳታሚም፣ የ1983ቱ ሰልፍ አስተባባሪዎችም፣ ሮዙን ያመጣችላት ሴትም ሁሉም በበጎ ነው የጠየቋት። እናቷም ቢሆን ስለ ባቡሩ ምግብ ቤት የዋሸችው ልጆቿን ስለምትወድ ነው። ኦድሪ ያየችው በጎ የሆነው ዝምታ ራሱ የሚያስከፍለውን ነው። ዝም ባሉ ቁጥር ልጅቷ ብቻዋን የተናደደች ይመስላታል። የበርሊኖቹ ሴቶችም እስከ 1984 ድረስ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ነበሩ። ወደ እነሱ የደረሰችው ከራሷ ምንም ያላጎደለች ሴት በመሆኗ ነው፤ ራሷን ከፍላ የምትኖር ሰው ብትሆን ኖሮ የተከፈለ ሰውን ባላወቀች።

የመጨረሻ ዓመታቷን ከግሎሪያ ጆሴፍ ጋር ሴንት ክሮይ በምትባለው የካሪቢያን ደሴት፣ የእናቷ ደሴት ባለችበት ባሕር ላይ ኖረች። በ1989 ሁጎ የተባለው ማዕበል ደሴቷን ሲያወድም እዚያው ነበረች። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ በጀርመን የውጭ ሰዎችና ጥቁሮች በየመንገዱ ሲጠቁ እሷና ግሎሪያ በ1992 ለጀርመን መራሔ መንግሥት ሄልሙት ኮል ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። በ13 ዓመቷ ለፕሬዚዳንት ልጽፍ ነው ያለችው ልጅ በ58 ዓመቷ፣ በሞት አፋፍ ላይ ሆና፣ ለሌላ አገር መሪ ትጽፍ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ሴንት ክሮይ ላይ አረፈች። ዛሬ በስሟ የሚጠራ የሕክምና ማዕከል ኒውዮርክ ውስጥ አለ፤ ከፍሎ መታከም የማይችለውንም ይቀበላል።

ኦድሪ ሎርድን በእምነቱም በልማዱም የማይቀበላት አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አለመቀበል መብቱ ነው፤ ቆርጦ መቀበል ግን እሷን ማጥፋት ነው። ያቺ ሴት ከጻፈችው ግጥም የሚበልጥ ሥራ የሠራችው ሌላውን ሰው በማስጻፍ ነው፤ ይህም የሆነው ራሷን ከማንም ፊት ስላልደበቀች ነው። በውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ልጃችሁ የጻፈው ነገር እጃችሁ ሲገባ፣ ስለ ቀለሙም ይሁን ስለ ትምህርት ቤቱ ወይም እናንተ መስማት ስለማትፈልጉት ነገር፣ ሳትቆርጡ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከዚያ ስለ ባቡሩ ምግብ ቤት እውነቱን ንገሩት።